የሚጠጋው ማን ነው?

እንግሊዝኛ እምቢ ለማለት ካሉት ቃላት ሁሉ የሚያምረው “አኮሞዴት” ይመስለኛል። “ዊ አር አንኤብል ቱ አኮሞዴት ዩር ሪክዌስት አት ዚስ ታይም።” ውጭ አገር ሠርቶ ይህን ዓረፍተ ነገር በኢሜይል ያልተቀበለ ሰው ያለ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ከውጭ ድርጅት ጋር የሚጻጻፍም ያውቀዋል። ዓረፍተ ነገሩ አይቆጣም፣ በር አይዘጋም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። “ጥያቄዎን በአሁኑ ጊዜ ማስተናገድ አልቻልንም” ብለን እንተረጉመዋለን። በአጭሩ አይሆንም ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ይኸው ግሥ እሺ ለማለትም ያገለግላል። ሆቴል አልጋ ሲሰጥ፣ አዳራሽ ሰው ሲይዝ፣ አለቃ ፈረቃ ሲቀይር፣ ዓይን ጨለማ ሲለምድ፣ ሁሉም አኮሞዴት ነው። እኔ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለአገሬ ሰዎች ደብዳቤና ቅጽ ስተረጉም ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንደዚህ ቃል ያመላለሰኝ የለም። አማርኛው ጠፍቶ አይደለም፤ እንዲያውም በዝቶ ነው። ከአማርኛዎቹ አንዱን በመረጥኩ ቁጥር ግን የሰዎቹ ቦታ ይለዋወጣል። በአንዱ ትርጉም ጠያቂው እንግዳ ይሆናል፣ በሌላው ደጅ ጠኚ፣ በሌላው ደግሞ ባለመብት። ስለዚህ ቃሉን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ማየት ፈለግኩ።

*

ከአጻጻፉ እንጀምር። አኮሞዴት በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሁለት “ሲ” እና ሁለት “ኤም” አለው። የቋንቋው ባለቤቶች ሳይቀሩ ከሁለቱ አንዱን ይገድፋሉ። አስተማሪዎች ለተማሪ የሚነግሩት ዘዴ አለ፦ “ይህ ቃል ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሲ እና ሁለት ኤም ይችላል።” ትርጉሙን በአጻጻፉ ያስታውሱታል ማለት ነው።

ምንጩ ላቲን ነው። “ኮሞዱስ” ማለት ልክ የሆነ፣ የሚመች ማለት ሲሆን፣ እሱም ከ“ሞዱስ” ይወለዳል፤ ልክ፣ መጠን። “አኮሞዳሬ” አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ልክ እንዲሆን ማድረግ ነው። ዘመዶቹን ብንፈልግ ሩቅ አንሄድም። አልጋችን አጠገብ ያለው ኮሞዲኖ ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ጣሊያኖቹ ምቹ የሚለውን “ኮሞዶ” አሳንሰው ለትንሿ የአልጋ ዳር ሣጥን ስም አወጡ፣ እኛም ከነስሙ ወሰድነው። ሕሙማን ሲንከባከቡ የሚውሉ እህቶቻችን ደግሞ ሌላ ዘመድ ያውቃሉ፦ መጸዳጃ ቤት ድረስ መሄድ ለማይችል በሽተኛ አልጋው አጠገብ የሚቀመጠው ባለ ባልዲ ወንበር፣ “ኮሞድ” ይባላል። ኮሞዲኖውም ኮሞዱም ሰው ወደ ዕቃው እንዳይሄድ ዕቃው ወደ ሰው የተጠጋባቸው ናቸው። የቃሉን ልብ ለመረዳት ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ይህቺ ወንበር ረድታኛለች።

*

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። በጣም ቀላሉ የቦታ ጉዳይ ነው። “አዳራሹ 200 ሰው ይይዛል” ለማለት እንግሊዝኛው አዳራሹ 200 ሰው ያኮሞዴታል ይላል። አማርኛው “መያዝ” ይበቃዋል፤ “200 ሰዎችን የማስተናገድ አቅም ያለው” ብለን ስንጽፍ ነገሩ የዜና ይሆናል። ቀጥሎ ማደሪያ ነው። እንግሊዞች “አኮሞዴሽን” ብለው በነጠላ ይተዉታል፤ አሜሪካኖች መጨረሻው ላይ “ኤስ” ጨምረው ያበዙታል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በረራ ሲሰረዝ የምንሰማው ይህንኑ ነው፤ ሆቴል ይሰጣችኋል ወይስ ወንበር ላይ ታድራላችሁ የሚለው ጥያቄ በዚህ ቃል ላይ ያርፋል።

በሥራ መጻጻፍ ላይ ደግሞ ቃሉ ከሰው፣ ከጥያቄ፣ ከፍላጎት ወይም ከለውጥ ጋር ይሄዳል። ስብሰባ ወደ ሐሙስ እንዲዞር፣ ርክክብ በአንድ ሳምንት እንዲፈጥን፣ ሁለት ሰው ተጨማሪ እንዲመጣ ሲጠየቅ “ካን ዩ አኮሞዴት ዚስ ቼንጅ?” ይባላል። ግሡ ሰውየውን ወይም ጥያቄውን በቀጥታ ይይዛል፤ እኛ “ለ” ስለለመድን “ፎር” ልንጨምርበት ይቃጣናል፣ አያስፈልገውም። ከጓደኛ ጋር ግን ብዙ አይሰማም። ፀጉር ቤት ደውላ “ዛሬ ታስገቡኛላችሁ?” የምትል ሴት “ካን ዩ ፊት ሚ ኢን?” ትላለች። መኪና ውስጥ ቦታ ሲያስፈልግ “ሜክ ሩም” ነው። ለቅርብ ሰው አኮሞዴት ማለት ለእህት በፕሮቶኮል ቁጥር ደብዳቤ እንደመጻፍ ነው።

ትንንሾቹ ቃላት ደግሞ አቅጣጫውን ይቀይራሉ። “ዊዝ” ሲከተለው መስጠት ይሆናል፤ በተለይ በቀድሞው እንግሊዝኛ ሰውን በብድር ማኮሞዴት፣ ቸግሮት ሲመጣ ገንዘብ መስጠት ነበር። ባንኮች ጠባዩን አልረሱም፤ የአገር ብሔራዊ ባንክ ወለድ ዝቅ አድርጎ ብድር እንዲገኝ ሲያደርግ ፖሊሲው “አኮሞዴቲቭ” ይባላል። “ቱ” ሲከተለው ግን የሚለወጠው ራሱ ተናጋሪው ነው፤ ለሁኔታው ራስን ማስተካከል። ሐኪሞች በዚህ ስሜት ስለ ዓይን ይናገራሉ። ከሩቅ ወደ ቅርብ ስናይ የዓይናችን ሌንስ ቅርፁን ይቀይራል፤ ስሙም አኮሞዴሽን ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ አርባዎቹ ሲጋመሱ፣ ሌንሱ እየደደረ መለወጥ ያቅተዋል፣ ያኔ የንባብ መነጽር ይገዛል። እኔም የሰው ደብዳቤ የማነበው በዚህ መነጽር ነው።

“አኮሞዴቲንግ” የሚባል ሰውም አለ። የማያስቸግር፣ እሺ ባይ፣ ሰው የሚመቸው። በሥራ ግምገማ ላይ ሲጻፍ ምስጋና ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከተጻፈ እሺታው የት ላይ እንደሚያቆም ማየት ያስፈልጋል። የእኛ ሰው ይህን ቃል ብዙ ያገኛል፤ ይሉኝታ በእንግሊዝኛ ሲታይ እንዲህ ነው የሚመስለው።

*

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንዲት ጎረቤቴ፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታጸዳ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። “እትዬ፣ እስቲ ይህቺን ይዩልኝ፤ ማደሪያ ልንሰጥሽ እንችላለን የሚሉኝ ምን አስበው ነው?” አለችኝ። ወረቀቱ ለሠራተኛ ሁሉ የታደለ ነው። በእርግዝና ምክንያት አኮሞዴሽን የሚያስፈልጋት ሠራተኛ ጥያቄዋን ልታቀርብ ትችላለች ይላል።

እሷ ቃሉን የምታውቀው ከሆቴሉ ነው። አኮሞዴሽን ማለት ቀኑን ሙሉ አንሶላውን ስትቀይር የምትውልበት፣ ለእንግዳ የሚሰጥ ክፍል ነው። ለእሷ እንዴት ይሰጣታል? “ቤት አለኝ፣ ባል አለኝ፣ ምን ጎድሎብኝ ነው ማደሪያ የምለምነው?” አለች። እውነቷን ነው፤ ከሆቴሉ በር በላይ የተጻፈው ቃልና ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል አንድ ነው።

እኔም “ማስተናገድ ማለታቸው ነው” ብዬ ጀመርኩላት። አላስኬደኝም። “እኔ ነኝ እንግዳ የማስተናግደው፤ እኔን ማን ያስተናግደኛል? ደግሞስ ሰው ቤት ገብቶ ይህን አምጡልኝ ይባላል?” አለች። አስተናጋጅ ካለ እንግዳ አለ። እንግዳ ደግሞ በእኛ ደንብ የቀረበለትን ይበላል፣ ወንበሩ ቢቆረቁረው ዝም ይላል፣ ሲወጣ አመስግኖ ይወጣል። ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ቦታ በአንድ ግሥ ምክንያት የሰው ቤት ሆነባት።

“ማመቻቸት” ብዬ ሞከርኩ። ይህ ይሻላል፤ በሰነዶችም ላይ የማየው እሱን ነው። ግን ማመቻቸት ለጆሮዋ ምቾት ምቾት ሸተታት። “ሌሎቹ እየሠሩ እኔ ልመቻች?” አለች። ወገቧን ይዛ ነው ይህን የምትለው።

በመጨረሻ ቃሉን ትተን ነገሩን አወራን። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ምንሽን ያምሻል? ወገቤን፣ እግሬን። ምን ቢደረግ ይቀልልሻል? ፎጣ ሳጣጥፍ መቀመጫ ባገኝ። ውኃዬን ጋሪው ላይ ባደርግ፤ አሁን መሬት ቤት ያለው ሎከር ውስጥ ነው። ሽንት ቤት ስሄድ ባይቆጠርብኝ። ፍራሽ የማንሣቱን ሥራ ሌላ ሰው ቢያግዘኝ። እኔም በእንግሊዝኛ አራት መስመር ጻፍኩላት። “አኮሞዴት” የሚል ቃል አልነበረበትም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ መልስ መጣ። መቀመጫው፣ ውኃውና ዕረፍቱ ተፈቅዷል። ፍራሹን በተመለከተ ግን፣ እንደምትገምቱት፣ “ዊ አር አንኤብል ቱ አኮሞዴት” ይላል፤ በምትኩ ጥቂት ክፍሎች እንደሚቀነሱላት ተጽፏል። እሷ ያየችው እምቢ የሚለውን ብቻ ነበር። “ይኸው፣ አላልኩዎትም?” አለችኝ። ቀሪውን መስመር በመስመር አነበብኩላት።

*

ሕጉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቃል በአሜሪካ ሕግ ውስጥ ረጅም መንገድ ሄዷል፤ መነሻውም የእሷ ሥራ ቦታ ነው፣ ሆቴል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የዜጎች መብት ሕግ ሆቴልን፣ ምግብ ቤትን፣ ቲያትር ቤትን በአንድ ስም ጠርቶ “ፐብሊክ አኮሞዴሽን” አላቸው፤ በዘርና በቀለም ሰውን መመለስም ከለከለ። በአትላንታ 216 ክፍሎች የነበሩት አንድ ሞቴል ጥቁር እንግዳ አልቀበልም ብሎ ተሟገተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፈረደበት። ለማን አልጋ እንደሚሰጥ የመምረጥ ነገር ከባለቤቱ ፈቃድ ወጣ።

ቀጥሎ ቃሉ ወደ ሠራተኛው ዞረ፣ መጀመሪያ በእምነት በኩል። በ1972 ሕጉ ሲሻሻል፣ አሠሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ሥርዓት “በአግባቡ እንዲያኮሞዴት” ግዴታ ተጣለበት፤ “ከባድ ጫና” ካልሆነበት በስተቀር። ከባድ ማለት ምን ያህል ነው? ላሪ ሃርዲሰን የሚባል ሰው ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በአየር መንገድ ይሠራ ነበር፤ ቅዳሜን ስለሚያከብር መሥራት አልፈለገም። በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሠሪው ከኢምንት ያለፈ ወጪ እንዲሸከም አይገደድም ብሎ ፈረደ። ለአርባ ስድስት ዓመት ያህል ሰንበቱን የጠየቀ ሁሉ ይህ ፍርድ ይጠቀስበት ነበር። በ2023 ጄራልድ ግሮፍ የተባለ የፔንስልቬንያ የፖስታ ሠራተኛ እሑድ አልሠራም ብሎ ያደረገው ክርክር ደረሰ፤ ዳኞቹ በአንድ ድምፅ መለኪያውን ከፍ አደረጉት። አሁን አሠሪው እምቢ ለማለት፣ ጥያቄው በሥራው ላይ ጉልህ ተጨማሪ ወጪ እንደሚያመጣ ማሳየት አለበት። ገናን ታኅሣሥ 29፣ በፈረንጅ ጥር 7 ቀን ለሚያከብር፣ ወይም ዓርብ ጁምዓ ለሚሰግድ ሠራተኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ “ሪዝነብል አኮሞዴሽን”ን የሥራ ቦታ ዋና ቃል አደረገው፤ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሁሉ ይመለከተዋል። ለነፍሰ ጡሮች የወጣው ደግሞ ከሰኔ 2023 ጀምሮ እየተሠራበት ነው፤ መቀመጫ፣ ውኃ፣ የመጸዳጃ ዕረፍት፣ ከባድ አለማንሣት፣ የጎረቤቴ ዝርዝር እንዳለ ምሳሌ ሆኖ ይቀርብበታል። አገር ቤትም ቢሆን የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለሰውየው እንዲያስተካክል ይጠይቃል።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ይህ ነው፤ የአሜሪካው የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን በሚሰጠው ማብራሪያ መሠረት ጠያቂው “አኮሞዴሽን” የሚለውን ቃል መጥራት የለበትም። የሕጉንም ስም ማወቅ አይጠበቅበትም። “በጤናዬ ምክንያት ይህ ከብዶኛል፣ ይህ ቢደረግልኝ እሠራለሁ” ካለ ጠይቋል። ከዚያ በኋላ ተነጋግሮ መፍትሔ መፈለግ የሁለቱም ነው። ቃሉን አለማወቅ መብት አያስቀርም። የሚያስቀረው ዝምታ ነው። አበው “ዝም አይነቅዝም” ብለውናል፤ ደግነቱ “ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል” ያሉንም እነሱው ናቸው።

*

እንግዲህ በአማርኛ ምን እንበለው? ለአዳራሽ መያዝ፣ ለሆቴል ማደሪያ፣ ለደንበኛ ማስተናገድ፣ እነዚህ አያጣሉም። ለሠራተኛው ጥያቄ ግን ቃሉን ያገኘሁት ከሰነድ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ሚኒባስ ነው። ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛው ሲገባ ወያላው ምን ይላል? “ጠጋ ጠጋ በሉ!” የሚናገረው ለሚገባው አይደለም፤ ለተቀመጡት ነው። የሚገባው ሰውዬ ሒሳቡን ይከፍላል፣ ተሳፋሪ ነው፣ የማንም እንግዳ አይደለም። ቀድመው የተቀመጡት ደግሞ ወንበሩን አልገዙትም። ትንሽ ይጠጋሉ፣ ትከሻ ይጠባል፣ መኪናው ይሄዳል። ወያላው አምስተኛ ሰው ሊጭን ሲል ደግሞ ታክሲው በሙሉ “ኧረ በቃ! የት ልትጨምረው ነው?” ይላል፤ “ከባድ ጫና” የሚሉት ያ ነው። ፍርድ ቤቶች ሃምሳ ዓመት የተከራከሩበት በአራተኛውና በአምስተኛው ሰው መካከል ስላለው ልዩነት ይመስለኛል።

“ጠጋ ማለት” በቅጽ ላይ አይጻፍም፤ አውቃለሁ። ቅጹ ላይ “ማመቻቸት” ብዬ እተረጉማለሁ። አፍ ለአፍ ሳስረዳ ግን “ሥራው ትንሽ ጠጋ እንዲልልሽ መጠየቅ ትችያለሽ” እላለሁ፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨምርም። እስካሁን ማደሪያ መስሎት የደነገጠ ሰው አልገጠመኝም።

እምቢ የሚለው ኢሜይል ሲመጣስ? እኔ የማየው ከ“አንኤብል” በኋላ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ነው። ምክንያት አለው? ምትክ ያቀርባል? ሐሙስ አይሆንም ብሎ “ዓርብ ጠዋት ግን ቦታ አለን” ካለ፣ የጻፈው ሰው በመጠኑም ቢሆን ተንቀሳቅሷል፤ ንግግሩ አላለቀም፣ ይመለስለታል። ከነጥቡ በኋላ ምንም ከሌለ ደግሞ “ያልተቻለው ምን እንደሆነና በምትኩ ምን እንደሚቻል ቢገልጹልኝ” የሚል አንድ መስመር ጽፎ መላክ ነው። በትሕትና ይጻፋል፣ ቀኑ ይመዘገባል፣ ቅጂው ይቀመጣል። እናንተም በተራችሁ ያንን ኢሜይል የምትጽፉ ከሆናችሁ፣ ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት። ከወዲያ በኩል ቆሞ የሚያነብ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜም የሚያነብለት ሰው ፈልጎ ነው።